በእርጥብ ሣር የተጠየቀ ፈቃድ

ሐዲስ ሳያስፈቅድ ያደረገው ነገር ቢኖር እኔን መውደድ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን በኋላ ሊያስፈቅድበት ሞከረ።

ክፍት በር ያንኳኳል። ወንበር ስበው ሲሰጡት «መቀመጥ ይቻላል?» ይላል። ሻይ ሲቀርብለት ስኳሩን ከማማሰሉ በፊት የሰው ፊት ያያል። በመሐንዲስነት የተመረቀ፣ ቁመተ ሎጋ፣ ሲስቅ ዓይኑ ልብ የሚያሸፍት ወጣት ነው። ያን የመሰለ ቁመት ተሰጥቶት ግን የገባበት ቤት ጣራ ሁሉ የሚመታው ይመስል እንዳጎነበሰ ነው የሚሄደው። እኔ አማረች ገመዳ፣ የናዝሬት ጤና ጥበቃ የውሃ መርማሪ፣ በምላሴ ስለት ነጋዴ የሚፈራኝ ሴት፣ ከወንድ ሁሉ መርጬ እሱን ወደድኩ። ልብ ዓይን የላትም ይላሉ፤ የኔዋ ጆሮም አልነበራትም።

እሱን ወደ ቢሯችን ያመጣው ፈቃድ ነው። ዘመኑ 1978 ነበር። ከኦጋዴን በቧንቧ ይመጣል በተባለ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መልካሳ አጠገብ፣ አዋሽ ዳር ሊተከል ታሰበ። ጋዙ ገና ከመሬት አልወጣም፣ ቧንቧውም አልተገዛም። የምረቃው ቀን ግን ተቆርጧል፤ ለመጪው የአብዮት በዓል ሪባን ይቆረጣል ተብሎ ሪባኑ እንኳ ሳይገዛ አልቀረም። ገንዘቡን የሚያበድሩት ፈረንጆች ታዲያ አንድ ነገር ጠየቁ። ጭሱና ከማመንጫው የሚወጣው ውሃ ሰውንና ከብትን እንዳይጎዳ ተጣርቶ ፈቃድ ይምጣልን አሉ።

እንዲህ ያለ ፈቃድ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በአውራጃው አልነበረም። ስለዚህ ፈቃዱን የሚሰጥ ኮሚቴ ተቋቋመና ጓድ አብተው ሊቀመንበር ሆኑ። ጓድ አብተው የማመንጫው ሥራ ኃላፊም፣ የሐዲስ አለቃም ነበሩ። በቀኝ እጃቸው አመልክተው በግራ እጃቸው ሊፈቅዱ ማለት ነው። አንቱ የምላቸው ለወጉ ነው እንጂ አንቱ የሚያሰኝ ነገር አላየሁባቸውም። በደረት ኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ ይሰካሉ፤ መፈረም ሲመጣ ግን የሐዲስን ይዋሳሉ። ስብሰባ ላይ «ሰፊው ሕዝብ» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከሰፊው ሕዝብ አንዱ ሰላም ሲላቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሐዲስ ራሱ ባመጣው ሥሌት ከማመንጫው የሚወጣው ውሃ እጅ የማያስገባ ፍል ነው። ጓድ አብተው ይህን ውሃ በቀጥታ ቦይ ቀድደው ወደ አዋሽ ሊለቁት ነበር። ቦዩ የሚያልፈው በአባቴ በኦቦ ገመዳ የሽንኩርት ማሳ ላይ ነው፤ ከዚያም መንደሩ ለመጠጥ ከሚቀዳበት ጅረት ጋር ይገናኛል። እኔ ውሃው መጀመሪያ በኩሬ ተጠራቅሞ ይቀዝቅዝ ብዬ ጻፍኩ። ጓድ አብተው ኩሬ ለመቆፈር ወራት ስለሚፈጅ ለበዓሉ አይደርስም አሉ። ውሃ ሲሄድ እንደሚቀዘቅዝ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም ብለውም አሾፉብኝ። ሐዲስ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ኩሬው እንደሚያስፈልግ ከኔ የበለጠ ያውቃል። ጫማውን ሲያይ ቆየና እስክሪብቶውን አዋሳቸው።

ጓድ አብተው የገበሬ ማኅበሩን ሰበሰቡ። ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ እጅ ሁሉ ወጣ። አባቴም አወጣ። ቤት ስንገባ ምን ነካህ ብዬ ብጠይቀው ሁሉም ሲያነሣ የሱ ክንድ ለብቻዋ ወርዳ ምን ትሠራለች አለኝ። ፈረንጆቹ ግን ቃለ ጉባኤውን መለሱት። ይህን ያህል ሰው በአንዴ ከተስማማ አልተጠየቀም ማለት ነው፤ ቦዩ የሚያልፍበት ባለ ማሳ በገዛ ቤቱ ተጠይቆ ይስማማ አሉ። ፍሉ ውሃ ሽንኩርቱን ምን እንደሚያደርገው ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀና በቤቴ ከጠየቁኝማ በቤቴ ቋንቋ እመልስላቸዋለሁ አለ። ጓድ አብተው ይህን ሰሙ። መሬቱ የመንግሥት ነው ብለው ቢደነፉም ያለ አባቴ ቃል ብድሩ አይለቀቅም። ጭንቅ ያዛቸው።

*

ፍቅራችን የተጀመረው በቴርሞሜትር ነው። ለፈቃዱ ተብሎ የአዋሽን ውሃ ሙቀት በየሳምንቱ እንለካ ነበር። ሐዲስ ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል፣ እኔ ዳር ሆኜ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ውሃ ውስጥ እንደቆመ ዓይኑን ከኔ ላይ መንቀል አቃተው። ስንት ይላል ስለው «የቱ?» አለኝ። ቴርሞሜትሩ ከእጁ አምልጦ በወንዙ ሄዷል። የመንግሥት ንብረት ጠፋ ብሎ ይደነግጣል ስል ሳቀ። ቀና ብሎ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንገቱ ለካ ይቃና ነበር። ሴት ልጅ በእንደዚህ ያለ ከንቱ ነገር ነው የምትጠፋው።

ወንዙ ዳር ባለ ግራር ጥላ ሥር ሆነን ላግባሽ አለኝ። እሺ አልኩት፣ ሳላቅማማ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? እናቱን እንደሚያስፈቅድ ነገረኝ።

እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች አራት ኪሎ የሚኖሩ፣ ትርፍ ቤታቸው ተወርሶ ትርፍ ኩራታቸው የቀረላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው የገበሬ ልጅ፣ ያውም የናዝሬት፣ መውደዱን በደብዳቤ ሲነግራቸው የመለሱለት አንድ መስመር ነበር። የቆላው ሙቀት ነው፣ ወደ ደጋ ስትመለስ ይለቅሃል። ደብዳቤውን ራሱ አነበበልኝ። ቀድዶ ይጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። እማማ እስኪለሳለሱ ትንሽ እንታገሥ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው፣ እዚያው ግራር ሥር፣ ልቤን ከፍቼ የቤታችንን በር ያሳየሁት። ወደ አባቴ ቤት በእናትህ ደብዳቤ አይገባም አልኩት። ሦስት ሽማግሌ ላክ፣ እሁድ በጠዋት፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጅ ይቁሙ። የመጡበትን በግልጽ አይናገሩም፣ ካልተሰጣቸውም አይቀመጡም። አባባ ሣር ይዞ የቆመን ሰው ከደጁ አያባርርም፣ ነውር ነው፣ ቤቱንም ያስረግምበታል። መጀመሪያ ይቀጥራል፣ ሲመለሱ «ሰጥቻለሁ» ይላል። አንዴ ካለ ሰማይ ቢወድቅ ቃሉን አያጥፍም። ሐዲስ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ሣሩን ማን ይይዛል? ሲቀጥር ስንት ጊዜ ነው? «ሰጥቻለሁ» ካለ በኋላ መመለስ ፈጽሞ አይቻልም? እንዴት ያለ የሚያዳምጥ ወንድ እግዜር ሰጠኝ ብዬ ኮራሁ።

*

ሽማግሌዎቹ በእርግጥም እሁድ ጠዋት መጡ።

ከመስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ በእጃቸው ጤዛው ያልረገፈ ሣር ይዘዋል። መሪያቸው ኦቦ ጆቴ ናቸው፤ ናዝሬት ውስጥ እሳቸው ያላጋቡት ባልና ሚስት ጥቂት ነው፤ ሲጣሉ የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። ላማችን ቡሬ ሣሩን አይታ አንገቷን ስታሰግግ እናቴ እልፍነሽ በነጠላዋ ጫፍ አባረረቻት። ስለ ሐዲስ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ለአባቴ የነገረችው እሷ ናት። ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ከቁልቋሉ አጥር ማዶ ላንድሮቨሩ ቆሟል። ሐዲስ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፣ ወጉን ጠብቆ ውጭ ቀረ ብዬ አንጀቴን በላኝ። ዓይናችን ተጋጠመ። ሳቅሁለት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፣ ጥርሴን ብቻ ሳይሆን ያለኝን ሁሉ ነው ያሳየሁት። የሱ ፊት አመድ መሰለ። አንገቱን ወደ ውስጥ ቀበረ። ዓይን አፋርነቱን እንኳ ወደድኩለት።

ኦቦ ጆቴ የሚያውቁትን ንግግር አደረጉ። ቤቱ ይስፋ፣ ደጁ ይባረክ፣ ከዚህ ቤት የምንለምነው አለን፣ ካልተሰጠን አንቀመጥም። አባቴም እንደ ወጉ ቤተ ዘመድ ልምከርበት ብሎ በሁለት ሳምንት ቀጠራቸው። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ደጃፉ ላይ አኑረው መርቀው ሄዱ። እናቴ ከሣጥኗ የራሷን የሠርግ ጋቢ አወጣችና ፊቷን ሸፈነችበት። አለቀሰች መሰለኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ እንዲህ ያለ ደስታ ያስለቅሳል ብዬ።

በሳምንቱ ወንዝ ዳር ስንገናኝ ሐዲስ ከስቷል። ስለ ሽማግሌዎቹ የሚነግረኝ ነገር እንዳለ ተናገረ። አፉን በመዳፌ ከደንኩት። እንደ ወጉ ይለቅ፣ እስከዚያ ምንም እንዳትነግረኝ፣ ደስታዬን አታጉድልብኝ አልኩት። መዳፌ ላይ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። እጄን ሳነሣ ይናገራል ብዬ ፈራሁ።

«ካልፈቀድሽማ አልናገርም» አለኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሐዲስ ዝምታ ግን ያኔውኑ ነቅዟል፣ እኔ ነኝ ሽታው ያልመጣልኝ። ደረቱ ላይ ጭንቅላቴን ጥዬ የልቡን ምት እየሰማሁ፣ ይኸ ሁሉ የሚመታው ለኔ ነው እል ነበር።

*

በቀጠሮው እሁድ ቤታችን ዘመድ ሞላ። በግ ታረደ። አክስቴ ዘሃራ ከሻሸመኔ መጣች። እኔ ጓዳ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ጠጉሬን ያበጥሩኛል፣ ጆሮዬ ግን ሳሎን ነው።

ኦቦ ጆቴ ሣራቸውን ይዘው ቆሙ። ከኋላቸው ጓድ አብተው በካኪያቸው፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ሐዲስም ገባ። የመንግሥት ሰው ሽማግሌ ሆኖ መምጣቱ እናቴን አኮራት፤ ቀድማ ወንበር ሰጠቻቸው። ጓድ አብተው ወጉን ረስተው፣ አባቴ «ሰጥቻለሁ» ሳይል ተቀመጡ። ዘመዶቼ እርስ በርስ ተያዩ፤ ለዛሬ ይቅር ብለው አለፉት።

አባቴ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «መክረናል፣ ዘመድም ጠይቀናል። ሰጥቻለሁ» አለ።

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ መጋረጃውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ያን ሰዓት የተሰማኝን አሁንም አልክደውም። ዓለም ሁሉ ለኔ ብሎ የቆመ መሰለኝ።

እልልታው ሲበርድ ጓድ አብተው ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀትና የጣት ቀለም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አባቴ ይኼ ደግሞ ምንድነው አለ። ጓድ አብተው እንደ ልጅ ትከሻውን መታ መታ አድርገው የዘመኑ ሥርዓት ነው፣ አውራ ጣትዎን ብቻ አሉት። አባቴ ቃሉን የሰጠ ሰው ነው፤ ለጣቱ አይሰስትም። እጁን ዘረጋ። በመጋረጃው ቀዳዳ ወረቀቱን አየሁት።

አወቅሁት። ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ፍሉ ውሃ የጻፍኩት እንዳለ ተገልብጧል፣ ስለ ኩሬው ያልኩት ወጥቶ ተጥሏል፣ ከሥሩ «ቦዩ በማሳዬ እንዲያልፍ ወድጄ ፈቅጃለሁ» የሚል ተጨምሯል።

ሙሽራ አትወጣም። ወጣሁ። ግማሽ ጠጉሬ የተበጠረ፣ ግማሹ የተንጨባረረ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ የአባቴን እጅ ከቀለሙ ላይ አነሣሁና ወረቀቱን በኦሮምኛ አነበብኩለት። ከሁሉ ቀድመው የተናገሩት ኦቦ ጆቴ ናቸው። ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ጓድ አብተው ዞሩ።

«እርስዎ ‹ንግግሩን አንተ ጀምረው፣ መጨረሻውን እኔ እጨርሳለሁ› ብለውኝ ነበር። እኔ ለልጅቷ የተላክሁ መስሎኝ ነው ሣር የነጨሁት። ይህን ያህል ዘመን ሽማግሌ ሆኜ ለቦይ ደጅ ጠንቼ አላውቅም» አሉ።

ጓድ አብተው አልደነገጡም። እንዲህ ያለ ሰው አይደነግጥም፤ የሚደነግጥበት ቦታ አልተፈጠረለትም። ልማዱን ለልማት ማዋል ኋላቀርነት እንዳልሆነ አስረዱን። ስለ ሣሩም ወጣቱ ጓድ ባይነግረን ኖሮ በምን እናውቅ ነበር ብለው ሐዲስን በዓይናቸው አመሰገኑት።

ሣሩ። ግራር ሥር፣ ጭንቅላቴ ጭኑ ላይ ሆኖ የነገርኩት ሣር። ሲጠይቀኝ የነበረው ሁሉ፣ ስንት ጊዜ ይቀጥራል፣ መመለስ ይቻላል ወይ ያለው ሁሉ መጣብኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ሲጠይቀኝ እንኳ ከልቡ ለኔ ብሎ ነበር። አለቃው ቸግሯቸው ሲያይ ነው እስክሪብቶውን እንደሚያውሳቸው የኔንም ምስጢር ያዋሳቸው። ይህ ከተንኮል ይብሳል። ተንኮለኛ ቢያንስ ይደክምበታል።

«ሐዲስ» አልኩት። «ዛሬ ለምን መጣህ? ለቦዩ ነው ለኔ?»

ከንፈሩን አራሰ። «ለሁለቱም» አለ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች እናቴ ከጓዳው በር ላይ። የሠርግ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ ታጣጥፍ ነበር።

እሱ ማስረዳት ጀመረ። ፈቃዱ ካለቀ እድገት ያገኛል፣ እድገት ካገኘ እናቱ ይለሳለሳሉ፣ ያኔ የራሱን ሽማግሌ ይልካል። እኛ ሽማግሌዎቹን ለኔ የመጡ አድርገን መያዛችንን በመጀመሪያው እሁድ፣ ስስቅለት አይቶ አውቋል። ሊነግረኝ ሞክሮ እኔ ከለከልኩት። የምትሰሙት ይህ ሁሉ የሱ ጥፋት የሌለበት ነገር ነው። ሁሉም ሰው ከልክሎት፣ ሁሉም ሰው አዝዞት የሆነ ነው።

ሰው ሁሉ ይጮኻል ብሎ ሲጠብቅ አባቴ በዝግታ ተነሥቶ ሐዲስ ፊት ቆመ። አባቴ ከሱ ያጥራል፤ ያን ቀን ግን የሚያጥር አልመሰለም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለው። «እኔ ሰጥቻለሁ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። የሰጠሁት ግን ልጄን ነው። ቦዩን ማንም አለመነኝም። ያለ ቦዩ ከፈለግሃት ሽማግሌው እዚህ አለ፣ በጉ ታርዷል። እሺ በልና ዛሬውኑ ውሰዳት።»

ሰው ሁሉ ሐዲስን አየ። እኔም አየሁት። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሁሉ ከሰማሁ በኋላም ልቤ «በል፣ በል» ትል ነበር። አንዲት «እሺ» ብቻ። ሣሩንም ዝምታውንም ለዚያች አንድ ቃል ብዬ ልረሳለት ዝግጁ ነበርኩ። እንዲህ ነው ፍቅር የሚያዋርደው። ሐዲስ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ወደኔ ሲመጣ አየሁት፤ እኔ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ፣ ወንበሩ ላይ ወደተደላደሉት ሰውዬ ሄደ።

«ጓድ» አለ። «ይፈቀድልኛል?»

ጓድ አብተው የቀለሙን ክዳን ጠቅ አድርገው ዘጉ። «ይታሰብበታል» አሉ።

ከአክስቶቼ አንዷ ሳቀች፤ ሳቁ መጥፎ ሳቅ ነበር። እኔ ወደ አባቴ ዞሬ ቃልህን እኔ መልሼልሃለሁ፣ እንግዲህ ነፃ ነህ አልኩት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁና ያልተበጠረውን ግማሽ ጠጉሬን ራሴው አበጠርኩት። ውስጤ የሆነ ነገር እንደ ሸክላ ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ።

*

ፈረንጆቹ ፋይሉን ለሁለተኛ ጊዜ መለሱት። ጓድ አብተው ግን ይህን ያህል ደክመው ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ መቂ አካባቢ ሌላ ኮሚቴ ተሰጣቸው፣ እዚያም ሊቀመንበር ናቸው አሉ። የአብዮት በዓል መጣ፣ አለፈ። ጋዙ ያኔም ከመሬት በታች ነበር። የአባቴ ሽንኩርት ደረሰ።

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በለመለመበት እሁድ እኔ ደጅ ቡሬን ሳሻሽ የአጥሩ በር አጠገብ ሰው ቆመ። ብቻውን ነው። ላንድሮቨር የለም፣ ሽማግሌ የለም። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፣ ከመልካሳ መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። በእጁ እርጥብ ሣር ይዟል።

እናቴ አይታው ገባች። አባቴ ከውስጥ ሣር ይዞ የቆመን ሰው አላባርርም፣ እንግዳሽ ነው፣ አንቺው መልሺለት ብሎ ላከብኝ።

ሐዲስ አልገባም። ክፍት በር ላይ ቆሞ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አላንኳኳም። ይህን ልብ አልኩ፤ ባልል ይሻለኝ ነበር።

«ማንም አልላከኝም» አለኝ። «እማማን አልነገርኳቸውም። ማንንም አላስፈቀድኩም። ራሴ ነጨሁት።» እጁ ሣሩ በቆረጠው ቦታ ደምቶ ይታያል። መሐንዲስ ነውና ሣር መንጨት አያውቅም። «ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ዛሬ ልበለው። እሺ። ያለ ቦዩ፣ ያለ ምንም፣ እሺ።»

አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። እንደዚያ ቀን፣ ቴርሞሜትሩ በወንዝ እንደሄደበት ቀን። ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንዲህ ሆኖ እንዲመጣ እንዳደረግሁት እሱ አያውቅም። እግሬ አንድ እርምጃ ሄደ። እጄም ሣሩን ልትቀበል ተነሣች።

«ከጓድ አብተው ጋር ያለውን ሥራ ተውከው ማለት ነው?» አልኩት።

«ለመልቀቅ አመልክቻለሁ» አለኝ። ድምፁ ዝቅ አለ። አንገቱም አብሮ። «ፈቃዱ ግን ገና አልደረሰኝም። እሳቸው ይታሰብበታል ብለውኛል።»

ሳቅሁ። ልስቅ አላሰብኩም ነበር፣ አመለጠኝ። እያሳቀኝ ዓይኔ ሞላ። እሱ ሳቄን አይቶ ተስፋ መሰለውና ፈገግ አለ። ምስኪን። ጭቃ ረግጦ ስንት መንገድ መጥቶ፣ እጁን አድምቶ፣ ያንኑ «ይታሰብበታል» ይዞልኝ መጣ።

ሣሩን ከእጁ ተቀበልኩት። ወግ ነው፣ የተያዘ ሣር አይጣልም። ዞር አልኩና ለቡሬ ሰጠኋት። ቡሬ ማንንም ሳታስፈቅድ በላችው።

እግሩ ሲሄድ ሰማሁ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሂድ እንድለው ይሁን ተመለስ፣ አንዱን እንድፈቅድለት ይጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። ፊቴን የቡሬ አንገት ላይ ቀበርኩት። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ እጠራው ነበር።